ውሃ ያልነካው ቀይ ጨርቅ

ሰው ባዕድ አገር ተቀምጦ ስለ አገሩ የተሠራ ፊልም ሲያይ ናፍቆት ይይዘዋል ይባላል። አይይዘውም። እኔን የያዘኝ ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ያየሁት ኖርዌይ ውስጥ፣ ጓደኛዬ ቤት ነው። ጅግጅጋ አንድ ክፍል የተማርን፣ አንድ ወንበር የተጋራን ሰዎች ነን። እሱ አሁን አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ማንም የማያነበው ነገር እጽፋለሁ። ከላይ ፎቅ የምትኖር ጎረቤቱ «ዛሬ ስለ አገራችሁ ዘጋቢ ፊልም አለ» ብላ ኬክ ይዛ መጣችና መሃላችን ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት። ደግ ሰው ኬክ ይዞ ድርቅህን ሊያይ ቤትህ ሲመጣ ወዴት እንደሚሸሽ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፊልሙ እንደተለመደው በአቧራ ጀመረ። ከዚያ የሞተ ከብት፣ ከዚያ ዋሽንት። ዋሽንቱን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ እኔ ጅግጅጋ ሳድግ የሰማሁት የቴፕ ጩኸትና የአይሱዙ ጥሩምባ ነው። ቀጥሎ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ብቅ አለች። የጀሪካኑ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ጓደኛዬ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ፊቷ ገና አልታየም፤ ጨርቁ በቃን።

ከቱሊ ጉሌድ ወደ ጅግጅጋ የግመል ወተት ይዘው የሚሄዱ ሴቶች ጀሪካኖቻቸውን አንድ መኪና ላይ ነው የሚጭኑት። እንዳይቀያየር እያንዳንዷ የራሷን ጨርቅ ታስራለች። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ የመጣችው አስተማሪዋ እናቴ ወተት ስትልከኝ «ቀይ ጨርቁ ካላለቀ ሌላ እንዳታመጣ» ትለኝ ነበር። ቀይ ጨርቅ ማለት ውሃ ያልነካው፣ ዕቃው በጭስ በደንብ የታጠነ ወተት ማለት ነው። ቀይ ጨርቅ ማለት የጓደኛዬ እናት ናቸው።

«ይህች ምስኪን እናት ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ትጓዛለች» አለ ተራኪው ድምፁን አለስልሶ። «የሚረዳት የላትም።»

የሚታየው ከቤታቸው እስከ ወተት መኪናው ያለው መንገድ ነው። አንድ ዘፈን አያስጨርስም።

«ውሃ?» አለ ጓደኛዬ።

ጎረቤቲቱ እጁን ያዝ አደረገችው። «አውቃለሁ፣ ከባድ ነው።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? እናቴ ናት!»

እሷ ይባስ ብላ አለቀሰች።

ድርቅ ነበር፤ አልክድም። ከብት አልቋል። ግን ድርቅ ስላለ የሰው ወተት ውሃ አይሆንም። ብዙም ሳይቆይ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሥራ ፈት ያቺን ቁራጭ በሶማልኛ ተርጉሞ በስልክ ለቀቃት፤ ጅግጅጋ ገባች። ደወልን።

«ሆዮ፣ እማዬ፣ እየበላሽ ነው?» አለ ልጅ፣ «የሚረዳት የላትም» የምትለዋ አንጀቱን ስትበላው ሰንብታ።

«ስለ ሆዴ ማን ጠየቀህ!» አሉ እናት። «ረሃብተኛ ይበሉኝ፤ ረሃብ የአላህ ነው። ወተት ላይ ውሃ መጨመር ግን የእኔ ሥራ ነው የሚባለው! ያቺ ባለ ሻይ ቤቷ፣ ስንት ዘመን ዓይኗን ጨፍና የምትቀበለኝ፣ ዛሬ ሰው ፊት ወተቴን ጥፍሯ ላይ ጠብ አድርጋ አየችው። ውሃ ካለበት ይፈሳል ብላ! ጫት ሻጮቹ ደግሞ ‹ሆዮ፣ ዛሬ ከየትኛው ጉድጓድ ቀዳሽ?› ይሉኛል። የአስተማሪዋ ልጅ እዚያ ነው?»

«አለሁ፣ ሆዮ።»

«አንተ በእኔ ወተት ነው ያደግኸው። ውሃ ነበረበት?»

«ኧረ የለበትም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ንገራቸው!»

ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። በጣም ትሑት የሆነች ሴት አነጋገረችኝ። ጀሪካኑ ቢጫ ስለሆነ ውሃ መስሏቸው ነው። «ይቅርታ፣ ግን ለተመልካቹ መልእክቱ አይቀየርም» አለችኝ። ልክ ናት፣ አይቀየርም። ተመልካቹ ያለቅሳል እንጂ ወተት አይገዛም። ፊልሙም እንዳለ ቀረ።

ባለ ሻይ ቤቷ አሁን ከአረንጓዴ ጨርቅ ነው የምትወስደው። አረንጓዴ ጨርቅ ውሃ እንደምትቀላቅል ከእናቴ ጀምሮ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ግን ቴሌቪዥን ላይ አልወጣችም።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ስለ ናፍቆቴ አትጠይቀኝ፤ እንባህንም ለራስህ አስቀምጠው። ጅግጅጋ ከሄድክ ወተት ተራ ቀይ ጨርቁን ፈልግ። ጥፍርህ ላይ ሳታንጠባጥብ ግዛ። ሻይ ቤቷ ግባና ሰው ሁሉ እያየህ ጠጣው፤ ከዚያ ውሃ የለበትም በል። ጮክ ብለህ በል።