ያልተስተካከለው ጥለት

2017 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከሽመና ጉድጓድ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሽሮ ሜዳ፣ ልጄ የሀበሻ ልብስ በምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እሷ ጥለቱን በኮምፒውተር ከፍታ ታሳያለች፤ የመረጡትን አትማ ለሸማኔ ትሰጣለች። እኔ ምን እሠራለሁ? ልብስ የሚያጣጥል ሲመጣ ዓይኔን አፈጥበታለሁ። ሌላ የለም።

አንድ ሥራ ግን ተሰጥቶኝ ነበር። ልጄ ለማሽኗ አዲስ ዲስክ አስገባች፤ ኤስ ኤስ ዲ የሚሉትን፣ ድምፅ የሌለውን፣ ፈጣኑን። አብሮም ስናፕሾት የሚባል ፕሮግራም ተጫነባት። ማሽኗን አሁን እንዳለች ፎቶ እንደማንሳት ነው አሉኝ። ነገ ቫይረስ ቢገባት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብትቃወስ፣ ወደ ፎቶዋ ተመለሺ ስትባል ትመለሳለች።

«አባዬ፣ ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት ይቺን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ስም ትጽፋለህ፣ በቃ» አለችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ኪቦርድ ላይ ፊደል መፈለግ ያደክመኛል። ስለዚህ ሁሉንም «ማታ» እያልኩ ጻፍኩ። ልጄ ብትረሳም እኔ አልረሳም። አሞኝ እንኳ ሳልጫን ወደ ቤት አልሄድም ነበር።

ዓመት አለፈና ማሽኗ መንቀራፈፍ ጀመረች። አንድ ጥለት እስክትከፍት ደንበኛው ሌላ ሱቅ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣችና ቀጥ አለች።

ልጄ ከዊንጌት ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጠራች። ቦርጫም፣ ቀልደኛ፣ ፊቱ ላይ ድካም ያለበት ሰው ነው። እንደምንም አስነስቷት ፎቶዎቹን ከፈተ። ቁልቁል ሲያያቸው ቆየና ሳቀ።

«ማታ፣ ማታ፣ ማታ... አባባ፣ እርስዎ ቤት አይነጋም እንዴ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

«እሺ። ዲስኩን የበሉት ግን እነዚህ ናቸው። ፎቶ ሲባል ቀላል አይምሰልዎ፤ እያንዳንዱ ያኔ የነበረውን ይዞ ይቀመጣል። ልጅዎ የሰረዘችውንም የቀየረችውንም አልለቅም ይላል። ይሄ ዲስክ ደግሞ መተንፈሻ ይፈልጋል። አፉ ድረስ ከሞሉት ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ያረጃል። የቅርቦቹን ትተን ሌላውን እናጥፋ።»

«አጥፋው፣ ገላገልከን» አለች ልጄ።

«አይጠፋም፤ የእናትሽ ጥለት አለበት» አልኩ እኔ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

የሚስቴ ጥለት ነበረ ምክንያቴ። እኛ ዘንድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመፍተልም አልፋ ጥለት ታወጣ ነበር። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በልጆች ቀለም እርሳስ ካሬውን እየቀባች ነው የምትሠራው። የመጨረሻውን አልጋ ላይ ሆና ሠራችው። ልጄ በስልኳ አንስታ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። ወረቀቱን በክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ውሃ በላው።

«የእማዬ ጥለት እኮ ፎልደሬ ውስጥ አለ! ማን ነካው?» አለችና ከፈተችልኝ።

አየሁት። ቀለሙ የሚስቴ ነው።

«ይሄ የእሷ አይደለም» አልኩ።

«የእሷ ነው፤ አስተካክዬው ነው። ጫፉ ላይ አንድ ካሬ ጎድሎ አበባው አይገጥምም ነበር። እንደዚያ ሆኖ እንዴት ይሸመናል?»

«የድሮው የት አለ?»

«በላዩ ላይ ነዋ ያስቀመጥኩት።»

መጉደሉን እኔ መቼ አጣሁት? ሚስቴ ስትቆጥር መጨረሻው ላይ ይደክማት ነበር፤ ሁሌም አንድ ይጎድላታል። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ በክሩ አስተካክለው ነበር። ልብሱ ሲያልቅ ዘርግታ ታየውና «አየህ፣ የኔ እጅ አይሳሳትም» ትለኛለች። ልብሱን አጣጥፌ አስቀምጣለሁ። ያቺ የጎደለች ካሬ ናት የእሷ እጅ።

«ማሽኗን ወደ መጀመሪያዋ ፎቶ መልሳት» አልኩት ሰውዬውን።

«አባዬ! የዓመት ሥራዬስ? የሠርግ ትእዛዙ ሁሉ ይጥፋ?» ጮኸች ልጄ።

«ያንቺን ሌላ ጊዜ ትሠሪዋለሽ።»

«አንተ ትሠራልኛለህ?»

«ቆይ፣ አትጣሉ» አለ ሰውዬው። ከዚያ የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፍቶ አየና ሳቁን ተወ። «አባባ፣ ይሄ ነገር ሲሞላበት አሮጌውን ራሱ እየጣለ አዲሱን እንዲያስገባ ተደርጎ ነው የተጫነው። አሁን ጫፍ ላይ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ቢጨምሩ ኖሮ የመጀመሪያዋ ነበረች የምትጣለው።»

«ብትጣልስ፣ ታወጣታለህ አይደል?»

«የድሮው ዓይነት ዲስክ ቢሆን ቆፍሬ እሞክር ነበር። ይሄኛው የተሰረዘውን ከሥሩ ይጠርገዋል። ተስፋ አልሰጥዎትም።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ማታ የምጠብቃት መስሎኝ ወደ ገደል ስገፋት ኖሬአለሁ።

«ግዴለም፣ አይዘኑ» አለኝ ሰውዬው። «ማሽኑን ምንም አንመልስም። የመጀመሪያዋን ፎቶ እንደ ፎልደር ከፍቼ የሚፈልጉትን ብቻ እቀዳለሁ። መብራት እንዳይሄድ ብቻ ጸልዩልኝ።»

ከግርጌ ያለችውን «ማታ» ከፈተ። ማሽኗ ተንቀራፈፈች፤ ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ሰውዬው ጥለቱን ወደ ውጭ ዲስክ ቀድቶ ነቀለና የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። «ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ሳላይ አላምንም» አለ። ተከፈተ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ እስከ ጫፉ ሄድኩ። ጎድሏል።

«አሁን አጥፋ» አልኩት።

አሮጌዎቹን አጠፋቸው። የልጄንም ሥራ በዚያው በውጭ ዲስክ ቀዳላት። «ፎቶዎቹ ያሉት እዚያው ዲስክ ውስጥ ነው፤ እሱ ከሞተ አብረው ይሞታሉ። የምትወዱትን ውጭ አስቀምጡ። አዲስ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ሲያረጅ ጣሉ። እርስዎም አባባ፣ ማታ ማታ ይረፉ» ብሎ ሄደ።

ሱቁን ስንዘጋ ልጄ ቁልፉን እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ እንደሚጎድል ለእማዬ ነግረሃት ታውቃለህ?»

«አልነገርኳትም።»

ተመልሳ ገባችና ማሽኗን ከፈተች። የድሮውን ጥለት አትማ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቅ አልሄድኩም። ወረቀቱንና ክር ይዤ፣ ዳገቱን እያረፍኩ ወጥቼ አብሮኝ ሲሸምን ወደኖረው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ወረቀቱን ዓይኑ ድረስ አቅርቦ አየው።

«አንተ፣ ይሄ ጫፉ ጋ አይገጥምም እኮ። ላስተካክለው?»

«እንዳትነካው፤ እንዳለ ሸምነው» አልኩትና ክሩን ሰጠሁት።