ለዮስጦስ የመጣው አውሮፕላን

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ከዚህ የከፋ ብዙ አይቻለሁ። ጦርነትም ረሃብም ዘግቤያለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው፣ ክፋት አስቦ የሠራ ሰው ስለሌለበት ይመስለኛል።

ወደ ጋምቤላ የተላክኩት ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ድንበር ስለሚሻገሩ ሰዎች እንድጽፍ ነበር። በጎን ደግሞ አለቃዬ የሰጠኝ ቀለል ያለ ሥራ ነበረኝ። በእሁድ እትማችን ላይ፣ ያልተለመደ ስም የሚጋሩ የታወቁ ሰዎችን የምናስተዋውቅበት ትንሽ ዓምድ ነበረን። የዚያን ሰሞን ተራው የዮስጦስ ነበር። ስሙ የሮማውያን ነው፤ በላቲን ጻድቅ እንደ ማለት መሆኑን አንድ የቤተ ክህነት ሰው ነግሮኛል። ከጎንደር ነገሥታት አንዱ ይጠራበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብርቅ ነው። አዲስ አበባ አንድ የተከበሩ ዳኛ፣ ጎጃም ደግሞ አንድ የቅኔ መምህር አግኝቼ ነበር። ከጎሬ ያሳፈረኝ የጭነት መኪና ሾፌር «ጋምቤላ ሁለት አሉ» ሲለኝ አላመንኩትም።

እውነቱን ነበር። እኛ እንዳለፍን መንገዱን ውሃ ስለቆረጠው ሁለቱንም በደንብ ለማወቅ ጊዜ አገኘሁ።

አንደኛው ድሬሰር ዮስጦስ ነው። ከደጋ የወረደ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነበር። በከተማው ሐኪም ስላልነበረ ሐኪሙም፣ አዋላጁም፣ ጥርስ ነቃዩም እሱ ነው። ሁለተኛው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ፣ አኙዋኩ ዮስጦስ ነው። አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይናገራል። ከባሮ ወንዝ እስከ ድንበሩ ድረስ በከብትም በደምም የተጣሉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ሰው ነበር። ሚሲዮን ቤት ተምሮ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ተጠምቆ ነው ዮስጦስ የተባለው። የልጅነት ስሙ ኦጁሉ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞቹ ሁሉ የሚጠሩት ኦጁሉ እያሉ ነበር። ለስድብ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ይወዱታል። ብቻ ዮስጦስ የሚለውን ስም የእሱ አድርገው አይቆጥሩትም። አንድ ጸሐፊ ስለ እሱ ስጠይቀው «የክርስትና ስሙን ለእግዜር ይተወው፤ እኛ የምናውቀው ኦጁሉን ነው» ብሎ ስቋል። ከደገኞቹ መካከል በስሙ የሚጠራው ድሬሰሩ ብቻ ነበር። በሌለበት «ዮስጦስ» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ሞክሼ ይባባላሉ።

ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘኋቸው ባሮ ዳር ባለች ሻይ ቤት ነው።

«እኔ እበልጠዋለሁ» አለኝ አስተርጓሚው፣ ድሬሰሩን በአገጩ እያመለከተ። «እኔ ስሙን አንብቤ፣ መርጬ ነው የያዝኩት። በእሱ ላይ ግን ቄሱ ናቸው የለጠፉበት። ያኔ እሱ ሲያለቅስ ነበር።»

«አንተም ባሮ ውስጥ ሲነክሩህ አልቅሰሃል ይባላል» አለ ድሬሰሩ።

«አዞ ፈርቼ ነዋ።»

ለምን ይህን ስም እንደመረጠ ጠየቅኩት። ከሐዋርያት ሥራ እንደሆነ ነገረኝ። ለጎደለ አንድ የሐዋርያ ቦታ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ዕጣ ተጣለና ለሌላው ወጣ፤ ዮስጦስ የተባለው ቀረ። «መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ምንም አይልም» አለኝ። «እኔ ግን አኩርፎ የሄደ አይመስለኝም።» ለዓምዱ ጥሩ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ችሎት ተቀምጬ ሲያስተረጉም አየሁት። የከብት ስርቆት ጉዳይ ነበር። የአንዱን ምስክር ቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ ሳለ ፊቱ ተለወጠ። ሆዱን በአንድ እጁ ያዘ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰና ዳኛውን ይቅርታ ጠይቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። መነሳት ግን አልቻለም።

ድሬሰሩ ከመረመረው በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ አንጀቱ መታጠፉን ነገረኝ። ሆድ የሚከፍት ሐኪም ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሆድ አይከፍትም። በመኪና እንዳይወሰድ መንገዱ ተቆርጧል። ነገ ቀዶ ጥገና ካላገኘ እንደማይተርፍ የነገረኝ፣ እንደ ልማዱ በጥድፊያ ሳይሆን ቀስ ብሎ ነው።

አብረን ወደ ሬዲዮ መገናኛው ሄድን። ሚሲዮኖች ደጋ ላይ ሆስፒታል ነበራቸው፤ ለበሽተኛ የምትላክ ትንሽ አውሮፕላንም ነበረቻቸው። ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረ። ድሬሰሩ ማይክሮፎኑን ይዞ «ዮስጦስ በጽኑ ታሟል፤ ለዮስጦስ አውሮፕላን ላኩ» እያለ ደጋገመ። ስለ በሽታውም ተናግሯል፤ መድረሱን ግን አላውቅም። ከወዲያኛው ጫፍ የመጣው መልስ አጭር ነው። ለዮስጦስ ነገ ጠዋት አውሮፕላን ይመጣል፤ ቦታ ያለው ለአንድ ቃሬዛ ብቻ ነው።

ድሬሰሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ብርድ ብርድ ብሎታል። «ወባዬ ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች» አለኝ። ያን ጊዜ ግን ወደ ጭንቅላቱ ወጣችበት። ሲነጋ ሰው አይለይም ነበር። የክሊኒኩ ረዳት የወባ መርፌ ወግቶታል።

ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ አስተርጓሚውን የሚስቱ የአሪየት ወንድሞች ከነአልጋው ተሸክመው አመጡት። ጥቂት ቆይቶ ድሬሰሩ በቃሬዛ መጣ። ያስመጡት ምክትል አስተዳዳሪው ናቸው። አቶ ተካልኝ ልበላቸው። ረጋ ያሉ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ።

«ኦጁሉን ለምን አመጣችሁት?» ብለው አሪየትን ጠየቁ። እሷ አማርኛ አትችልም። የመለሰው ከአልጋው ላይ ራሱ ነው።

«አውሮፕላኑ የኔ ነው ጌታዬ። ሞክሼ ነው ያስጠራልኝ።»

«አይዞህ ኦጁሉ። ይሄ ለዮስጦስ የመጣ ነው። ላንተም ሌላ እናስጠራለን።»

«ዮስጦስ እኔ ነኝ።»

ከቆሙት አንዱ ሳቀ። አስተርጓሚው ትንፋሹን ሰበሰበና ችሎት ላይ እንደሚናገረው አድርጎ ቃል በቃል ተናገረ። «እሱም ዮስጦስ ነው፤ እኔም ዮስጦስ ነኝ። መልእክቱ ግን ስለ እኔ ነው።»

ለአቶ ተካልኝ የማውቀውን ነገርኳቸው። ድሬሰሩ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ እንደነበር፣ የወባ መድኃኒት ጋምቤላ እንዳለ፣ ቀዶ ጥገና ግን እንደሌለ አስረዳኋቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። አልተቆጡም።

«ይህ ሰው የአውራጃው ብቸኛ ድሬሰር ነው፤ ራሱን ስቷል» አሉኝ። «ትናንት እየተንቀጠቀጠ መናገሩን የሬዲዮ ሠራተኛው ነግሮኛል። ስለ ራሱ ካልሆነ ስለ ማን ሊናገር? ለኦጁሉ አውሮፕላን የሚልክ ማነው?»

ለእሳቸው ነገሩ ግልጽ ነበር። በጋምቤላ አንድ ዮስጦስ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስሙም ብርቅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሲጠራ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

አብራሪው የውጭ አገር ሰው ነው። በእንግሊዝኛ አነጋገርኩት። አስተርጓሚውም ከተኛበት አነጋገረው። የተነገረው ዮስጦስን እንዲያመጣ ብቻ እንደሆነ፣ ማን እንደሚሳፈር የሚወስነው የአገሩ ሹም እንደሆነ ነገረን። ከተራሮቹ በላይ የሚጠቁረውን ደመና አሳየንና ቶሎ እንድንወስን ለመነን። አቶ ተካልኝ ወሰኑ።

ቃሬዛው ሲጫን አሪየት ባሏ ላይ አጎንብሳ ጠየቀችው። እሱም በአኙዋክኛ ነገራት። ረጅም ነበር። ቋንቋውን ባልችልም ኦጁሉ የሚለውን ቃል ሰማሁ፤ አሪየትም ቀና ብላ አቶ ተካልኝን አየቻቸው። በኋላ ወንድሟን ጠየቅኩት። ባሏ አቶ ተካልኝ ያሉትን፣ እኔ ያልኩትን፣ አብራሪው ያለውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተርጉሞላት ነበር። ከራሱ የጨመረው ነገር እንዳለ ብጠይቀው የለም አለኝ።

ሌላ አውሮፕላን ለማስጠራት ያኔውኑ ሄድን። ለዚህስ አቶ ተካልኝ ራሳቸው ሬዲዮው ላይ ተቀምጠዋል። ነገር ግን ዝናቡ ወረደ፤ መስመሩም ተዘጋ።

የቀረውን ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ስለ አውሮፕላኑ አላነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠራኝና የከብት ስርቆቱ ጉዳይ ለነገ መቀጠሩን አስታወሰኝ። «ምስክሮቹ ከሩቅ ነው የመጡት፤ አስተርጓሚ እንደሌለ ለዳኛው ንገርልኝ፤ በከንቱ እንዳይቆሙ» አለኝ። ነገርኩላቸው። ዳኛው ቀጠሮውን አራዘሙት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

አቶ ተካልኝ ለከፈን ነጭ አቡጀዲ ይዘው ቀብር መጡ። ከልባቸው አዝነው ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መላክ ይቻል እንደነበር፣ በእሳቸው ቦታ የተቀመጠ ሁሉ ያንኑ እንደሚያደርግ ነገሩኝ። ምናልባት ልክ ናቸው። እኔ ግን የነገርኳቸውን ሰምተውኝ እንደነበር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

መንገዱ ሲከፈት በደጋው ሆስፒታል በኩል ተመለስኩ። ድሬሰሩን ልጠይቀው ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከስቷል፣ ነገር ግን ድኗል። እንዳየኝ ፊቱ በራ።

«ተመስገን፣ አንተ ትነግረኛለህ» አለኝ። «ሞክሼዬን የትኛው ክፍል ነው ያስተኙት? ዮስጦስ የታለ ብዬ በጠየቅኳቸው ቁጥር አንተ ነህ ይሉኛል። ያበድኩ መስሏቸዋል።»

እሱ የመሰለው አውሮፕላኑ ሁለቱንም አምጥቶ፣ ጓደኛውም ሆዱ ተከፍቶለት በሌላ ክፍል እንደተኛ ነው። ቦታው ለአንድ ቃሬዛ ብቻ መባሉን ትኩሳቱ አስረስቶታል። ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ይህንኑ ሲጠይቅ ቆይቷል።

በአገራችን መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም። እስኪያገግም ይጠበቃል፤ ዘመድና ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ይነገራል። እዚያ ዘመድም ሽማግሌም አልነበረም። ዝም ብል ጓደኛው በሕይወት እንዳለ እያሰበ፣ እኔን ተከትሎ ከክፍል ክፍል ሊፈልገው ነው። ስለዚህ ነገርኩት። ከችሎቱ ጀምሬ እስከ ቀብሩ በቅደም ተከተል ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«በሬዲዮ ምን ብዬ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«ዮስጦስ።»

«ኦጁሉ አላልኩም?»

«አላልክም።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌሎቹ በሽተኞች እንዳይሰሙት ይመስለኛል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እሱን ኦጁሉ ማለት ነውር ሆኖብኝ ኖሬ» አለ። «ያን ቀን ኦጁሉ ብል ኖሮ ይወስዱት ነበር?»

የአቶ ተካልኝን ቃል ነግሬው ስለነበር፣ ለኦጁሉ ቢጠየቅ ኖሮ አውሮፕላኗ ጭራሽ አትላክም ነበር ብዬ ላጽናናው እችል ነበር። ይወስዱት ነበር ብል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው ነገር እሰጠዋለሁ። ሁለቱም ግምት ነበሩ።

«አላውቅም» አልኩት።

ድሬሰሩ ወደ ጋምቤላ ተመልሶ ብዙ ዓመት እንደሠራ ሰምቻለሁ። እኔ አልተመለስኩም። ያን ቀን የመለስኩለት መልስ እውነት ነበር፤ ዛሬም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ያንኑ ነው። ግን ፊቱን ከግድግዳው አዙሮ ሲያየኝ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነበር። የሚጠብቀውን ባውቅ ኖሮ እሰጠው ነበር እያልኩ አስባለሁ። ይህም ቢሆን እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አይደለም።