ለምንጩ ዋስ የሆንኩ ጊዜ

«ዋሳችን አንቺ ነበርሽ» አሉኝ የክርስትና እናቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው መሬቱን በዘንጋቸው ይጭራሉ። ላሚቱ የደረቀውን ገንዳ ትልሳለች። መጋቢት ነበር።

የምንኖረው ወገዳ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በጋ ሲገባ ወገዳ ላይ ውሃ ማለት ወረፋ ነው። እናቴ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ወንዙ ወርዳ የምትመለሰው ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ነበር። ገመዱ የሚያርፍበት የጀርባዋ ቆዳ ጠቁሮ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ቀርቻለሁ። ቤት መቀመጥ ደግሞ አላውቅበትም። የሰፈሩ እድር የውሃ ኮሚቴ አቋቁሞ ጸሐፊ ሁኚ ሲለኝ ሳላስጨርስ እሺ አልኩ።

ከከተማው በላይ፣ የአንድ ሰዓት ዳገት ላይ፣ በጋም የማይነጥፍ ምንጭ ነበር። የሚፈልቀው የክርስትና እናቴና የባለቤታቸው ማሳ ጥግ ነው። ላማቸውም ጓሯቸው ያለው ጌሾም በሱ ነው የሚያድሩት። ከኮሚቴው ሽማግሌዎች ጋር ልንጠይቃቸው ወጣን። ሰውየው ጥያቄያችንን ሰምተው ሲያበቁ፣

«ለሰው ውሃ አልከለክልም። ለላሜ ይተርፋል ወይ?» አሉ።

«ይተርፋል። ወረቀት እንጽፍልዎታለን» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ወረቀት አላነብም። ዋስ ጥሩልኝ።»

በኛ አገር ሰው ሲዋዋል ዋስ ይጠራል፤ ውሉ ከፈረሰ የሚያዘው ዋሱ ነው። ሰብሳቢው ራሱን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ሰውየው ዘንጋቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ይቺ ትሁነኝ።»

«ሴት ልጅ ዋስ? ያውም ጎጆ ያልወጣች?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ያንተን ጢም ስንት ዘመን አየሁት። ይቺን ግን ክርስትና ያነሳቻት ሚስቴ ናት።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ተነሳሁና «ዋስ ነኝ» አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ባለሙያ መጥቶ ምንጩን ለካ። ምንጩ በሲሚንቶ ሳጥን ይታጠራል፣ ከሳጥኑ በታች ያለው ቱቦ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ሞልቶ የተረፈው ደግሞ ከላይ ባለው ቱቦ ወደ ላሚቱ ገንዳ ይሄዳል አለን። ሌሎቹ ሲርቁ ወደ እኔ ዞረ።

«ክረምት እንደ ልብ ይተርፋል። በጋ ግን ከተማው ሙሉውን ይስበዋል። ለባለ መሬቱ ቀድማችሁ ንገሩት።»

ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። ለክርስትና እናቴና ለባለቤታቸው ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ምንጩን ይከለክሉን ነበር። የእናቴን ጀርባ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ።

የቱቦውን ቦይ የቆፈርነው በእድር ነው። ጡሩንባ ነፊው ልክ እንደ ለቅሶ ቀን በየደጁ እየነፋ ሲያልፍ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ወጣች።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም። ዶማሽን ይዘሽ ውጪ።»

«አፈር ያስበላህ፤ ልቤ ወለቀ'ኮ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ዶማዋን ፍለጋ ገባች።

የክርስትና እናቴ በጓሯቸው ጌሾ የጠመቁትን ጠላ በእንስራ ይዘው ወርደው ቆፋሪውን ሁሉ አጠጡ። ለኔ ሲቀዱ ጣሳውን እስከ አፉ ሞሉልኝ።

ቧንቧው የተከፈተ ዕለት እናቴ እጇን ከውሃው ሥር አድርጋ ብዙ ቆመች። በማግስቱ ፀሐይ እስኪወጣ ተኛች። እንደዚያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም፤ አሟት ይሆን ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ።

በዚያ ክረምት ትርፉ ውሃ ከገንዳው አልፎ ጌሾውን ያጠጣ ነበር። ጥር ላይ ቀጠነ። የካቲት ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። መጋቢት ላይ ቆመ። ሳጥኑ ክዳኑ በቁልፍ የተዘጋ ነው፤ ቁልፉ ያለው ሰብሳቢው ጋ ነው። የክርስትና እናቴ ጠርተው «ዋሳችን አንቺ ነበርሽ» ያሉኝ ያኔ ነው።

ቀጥታ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄድኩ።

«በሳምንት ሁለት ጠዋት የከተማው መስመር ይዘጋና ለገንዳው ይልቀቅ» አልኩ።

«ለአንዲት ላም ብለን ሰው እናስጠማ?» አለ ሰብሳቢው።

«ቃል ገብተናል። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። «ይኸው ያንቺው እጅ ጽሑፍ። በጋ እንደማይተርፍ ከሁላችን በፊት ያወቅሽ አንቺ ነሽ። ምነው ያኔ ዝም አልሽ?»

የሚደግፈኝ እጁን ያውጣ ተባለ። እናቴ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደከተተች ተቀምጣ ነበር። አላወጣችም። አልፈረድኩባትም። ዓይኗን ግን እስከ ማታ አላየሁትም።

ሐሳቤ ስለወደቀ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከሰፈራችን ቧንቧ ጀሪካን ሞልቼ ዳገቱን እወጣ ጀመር። ከማሳቸው የወረደውን ውሃ በጀርባዬ እመልስላቸዋለሁ። የሰፈር ሰው ሲያየኝ ይስቃል፤ «ቱቦው ባንቺ በኩል ነው የሚያልፈው?» ይለኛል። ላሚቱ ያመጣሁትን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰውና ቀና ብላ ታየኛለች። ጌሾው ቅጠሉን አራገፈ።

ፋሲካ ሊገባ ባለበት ሰሞን እንደ ልማዴ ስደርስ በረቱ ክፍት ነው። ገመዱ ካስማው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ለማን ነው ያመጣሽው?» አሉ ሰውየው። «ትናንት ገበያ አወረድኳት።»

ጀሪካኑን ከጀርባዬ ሳላወርድ «አውቅ ነበር» አልኩ። «በጋ እንደማይተርፍ ባለሙያው ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። ደብቄያችሁ ነው።»

«ሰብሳቢው ነግሮናል። ከነገረን ቆየ» አሉ የክርስትና እናቴ።

«ታዲያ በየቀኑ ስመጣ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

ሰውየው ዘንጋቸውን አንስተው ወደ ማሳው ሄዱ። የክርስትና እናቴ ወደ ቤት ገብተው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ወጡ።

«ለፋሲካሽ። ካሁን ወዲያ የለኝም።»

«አልወስድም፣ እማማ።»

«ክርስትና ያነሳሁሽ በውሃው ውል አይደለም። ያዥው፣ ይቀልጣል።»

ውሃውን ማድጋቸው ውስጥ ገለበጥኩ። ባዶውን ጀሪካን አዘልኩና ቅቤውን ይዤ ዳገቱን ወረድኩ።