ነገሳ ማይኩ እና የመሰላሉ ፊልም ሠሪ

ቡራዩ ውስጥ ነገሳን በአባቱ ስም የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሁሉ «ነገሳ ማይኩ» ይሉታል። ዛሬ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። «መናገሻ፣ ሆለታ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል፤ ማይክ ግን አልያዘም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ድሮ በወርቁ ቪዲዮ ቤት ነው።

ወርቁ ከጎጃም መጥቶ ቡራዩ የከተመ ነጋዴ ነው። ቆርቆሮ ቤቱ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ቴሌቪዥኑና ዴኩ የእሱ ነበሩ። እንግሊዝኛው ደግሞ የነገሳ። ነገሳ ቋንቋውን የለመደው የውጭ አገር ሐኪሞች ባሉበት ክሊኒክ ሦስት ዓመት ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ነው። አዲስ አክሽን ፊልም በመጣ ቁጥር ጠዋት ብቻውን ሁለት ሦስቴ ያየዋል። ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ማይኩን ይዞ የሁሉንም ንግግር እሱ ራሱ በአማርኛ ይናገራል። የሽፍቶቹ አለቃ ሲመጣ ድምፁን ያጎረንናል፤ ሴት ስትናገር ያለሰልሳል፤ ሰው ሲሞት ፊልሙ ውስጥ የሌለ «አይ እናቱ!» ይጨምራል። ሲያሻው በኦሮምኛ ይሳደባል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

በዘጠና ሦስት ዓ.ም. ክረምት ወርቁ ከመርካቶ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ነገሳ «የብረቱ መሰላል» ብሎ የአማርኛ ስም አወጣለት። አክተሩ የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ ጓደኞቹን አፍነው የያዙበትን ሰዎች ከመርከቡ ሆድ ተነሥቶ፣ በብረት መሰላል እየወጣ፣ በየወለሉ ይገጥማቸዋል። ታሪኩ ይኸው ነው። ነገሳ ግን ጠዋት ብቻውን ሲያየው ከበርጩማው መነሣት አቃተው።

እስከዚያ ቀን ባያቸው ፊልሞች ቡጢ ሲሰነዘር ሥዕሉ ይቆረጣል፤ ማን ማንን እንደመታ የሚታወቀው በድምፁ ነው። እዚህ ግን ካሜራው ራቅ ብሎ ሰዎቹን ከእግር እስከ ራስ ያሳያል። አንዱ ሲወድቅ አብሮት ይወርድና ወለሉ ላይ፣ ትንፋሹ አጠገብ ይቆያል። ወዳቂው ክፉ ሰው ቢሆንም ይቆያል። ደግሞ አክተሩ ይደክመዋል። ሦስተኛው ወለል ላይ እጁ ተንቀጥቅጦ መሰላሉን መጨበጥ ያቅተዋል።

ያን ቀን ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። «አክተር አይሞትም» እያለ ሁልጊዜ የሚጮኸው ሕዝብ ጸጥ አለ። ፊልሙ ሲያልቅ እህል በረንዳ የሚሠራ አንድ ተሸካሚ ወደ ነገሳ መጥቶ፣ «ማይኩ፣ ይሄ ሰውዬ ሲደክመው እኔንም ጀርባዬን አመመኝ» አለው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ነገሳ ሥራውን አልሠራም። አራተኛው ወለል ላይ አክተሩ ፊቱን ታጥቦ ቀና ሲል የተሰነጠቀ መስታወት ይገጥመዋል። ቆሞ ያየዋል። የሚያየውን ሰው የማያውቀው ይመስላል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቃል የለም። ነገሳ ማይኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ተርጉም እንጂ!» ብለው ጮኹ ከኋላ።

«ምኑን ልተርጉም? ዝም ብሏል» አለ ነገሳ።

በኋላ ካሴቱን መጨረሻ ድረስ አስኪዶ የዳይሬክተሩን ስም በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። ያን ጊዜ የተጻፈው የወንድ ስም ነበር። ነገሳ ያንን ስም ዛሬ አያነሣውም፤ እኔም አላነሣውም። ከዚያ ወዲህ የዚያው ሰው ሥራ በመጣ ቁጥር ገና ሳይጀመር በማይኩ ስሙን ያውጃል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት ፊልም መጣ። ሌሎቹም አክሽኖች እየቆዩ ያንን አሠራር መቅዳት ጀመሩ፤ ካሜራው ራቅ ይላል፣ አክተሩ ያለከልካል። ነገሳ ከፊልሙ መሐል ማይኩን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺን ከማን እንደወሰዳት አወቃችሁ?» ይላል። ሁሉም ያውቃሉ።

ከዚያ ዲሽ በየቤቱ ገባ፣ ስልክ መጣ፤ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋና እንጨት መሸጫ ሆነ። ነገሳ ታክሲ ተራ ላይ ሥራ ያዘ።

ባለፈው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ አንዲት ስፖርት ልብስ የለበሰች ሴት ታክሲ ስትጠብቅ ቆይታ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ ሳትገባ ቀረች። ወደ ነገሳ መጣች።

«ይቅርታ፣ ጋሼ፤ እርስዎ ነገሳ ማይኩ አይደሉም?»

«ነኝ። አንቺን ግን አላወቅኩሽም፣ ልጄ።»

«አያውቁኝም። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም ይሉን ነበር፤ እኔ «የብረቱ መሰላል»ን ከውጭ በቆርቆሮው ሽንቁር ነው ያየሁት። ግማሹን ቴሌቪዥን የአንድ ሰውዬ ጭንቅላት ይጋርደኝ ነበር። የቀረውን በእርስዎ ድምፅ ነው የጨረስኩት።»

ሶያማ ትባላለች። አሁን ሰበታ ነው የምትኖረው፤ ለአማርኛ ፊልሞች የድብድብ ትዕይንት ታቀናብራለች፣ ወጣቶችንም አወዳደቅና አመታት ታሠለጥናለች። ሙያውን የጀመረችው «የብረቱ መሰላል»ን በየቅጽበቱ እያቆመች፣ እግር የት እንዳረፈ በደብተር እየሳለች ነው። ከሠልጣኞቿ ጋር የዚያ ፊልም ሠሪ አድናቂዎች ማኅበር አላቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ፊልሙን በአዳራሻቸው ሊያሳዩ አስበዋል፤ በነገሳ ትርጉም።

ነገሳ ሳቀ። «ዛሬ ማን ተርጓሚ ይፈልጋል? ሁሉም እንግሊዝኛ ያውቃል።»

«እርስዎን ነው የፈለግነው» አለች ሶያማ። ከዚያ ትንሽ አመነታች። «ስለ ዳይሬክተሯ የሰሙት ነገር አለ?»

«የቷ ዳይሬክተር?»

ሶያማ ሳትሸፋፍን ነገረችው። ያ ሰው ትራንስጀንደር ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወንድ ተብላ ብትኖርም በውስጧ ሴት መሆኗን ታውቅ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓለም ተናገረች። ስሟ አሁን ኢዳ ማርሎ ነው። በስልኳ ፎቶዋን አሳየችው፤ ሽበታም፣ መነጽር ያደረገች፣ ፈገግ ያለች ሴት።

ነገሳ ስልኩን ይዞ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። ታክሲው ሞልቶ ረዳቱ ይጮኻል። «አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን መለሰላት።

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለኤቢሴ ነገራት። ኤቢሴ ጓሮ ጎመን እየቀጠፈች ነበር። እንደ ልማዳቸው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አወሩ።

«አልገባኝም፣ ኤቢሴ» አላት። «ካህኑ ቢሰማ ምን ይላል? ሰፈሩስ?»

«እኔም አልገባኝም» አለች። «ሴትዮዋ ምን በደለችህ?»

«ምንም። እንጀራዬን የበላሁት በሷ ነው።»

ኤቢሴ ጎመኑን አስቀምጣ፣ «ነጋሽ ሲሉህ ምን ይሰማህ ነበር?» አለችው።

ነጋሽ የሚለውን ስም ዛሬ የሚያነሡት እሱና እሷ ብቻ ናቸው። አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ «ነገሳ የሚባል ስም እዚህ የለም፤ ነጋሽ ነህ» ብለው መዘገቡት። አሥራ አምስት ዓመት ነጋሽ ነበር። ስም ሲጠራ አቤት የሚለው ዘግይቶ ነው፤ ሰነፍ ነው እየተባለ ተገረፈ። ቤት ሲመለስ እናቱ «ነገሳኮ»፣ የኔ ነገሳ፣ ስትለው ነው ወደ ራሱ የሚመለሰው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያው በትክክለኛ ስሙ እንዲጻፍ ሲለምን፣ ጸሐፊው «ምን ለውጥ ያመጣል?» አለው። ያን ቀን ለማስረዳት ቃል አጥቶ አለቀሰ።

«የኔ ስም ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም» አላት በመጨረሻ። «የሷ ከዚያ ይከብዳል።»

«እንግዲያ ካንተ የበለጠ አልቅሳለቻ» አለች ኤቢሴ፤ ጎመኗንም አነሣች።

በማግሥቱ ነገሳ ሶያማ ጋ ደውሎ እሺ አላት። ቀጥሎ የድሮውን ድምፅ ማጉያ ለመዋስ ወርቁ ዘንድ ሄደ። ወርቁ አርጅቷል፤ ስኳር አለበት፤ ማጉያውን ግን ጨርቅ አልብሶ አልጋ ሥር አስቀምጦታል። በደስታ አወጣለት። የዳይሬክተሯን ነገር ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ስማ ነገሳ፤ ፊልሙን አሳይ። ስሙን ግን ምን ያስጠራሃል? ዝለለው።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ስሙን ጠርተን ሕዝቡን ስናስጨበጭብ የኖርነው እኛ ነን እኮ። ዛሬ ልዝለለው?»

«እንግዲያው የድሮውን ጥራ።»

«የድሮው የሷ አይደለም። ሰው ስሜ ይህ ነው ካለህ በዚያ ትጠራዋለህ። ሌላው ያልገባኝ ብዙ ነው፤ ይቺ ግን ገብታኛለች።»

«እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሳለም ሰው ነኝ።»

«እኔስ?»

ወርቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማጉያውን ግን አልቀማውም።

እሑድ ከሰዓት፣ ሰበታ፣ የሶያማ አዳራሽ ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው፣ የቪዲዮ ቤቱ የድሮ ደንበኞችም ጭምር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። ነገሳ ኮቱን ለብሶ፣ በርጩማው ላይ ሆኖ፣ ማይኩን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ። ወርቁም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ነገሳ። «ይህንን ፊልም የሠራችው ኢዳ ማርሎ ናት።»

ከመሐል አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው «ናት?» አለ ጮክ ብሎ። ነገሳ አልተቆጣም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ብዙ ዓመት ስሟን አሳስቼ ነግሬያችኋለሁ። አላወቅሁም ነበር። ዛሬ አስተካክያለሁ። ሰው ሲወድቅ ጥለነው እንዳንሄድ ያስተማረችን እሷ ናት። ኢዳ ማርሎ!»

መጀመሪያ ሶያማ አጨበጨበች፤ ከዚያ ሠልጣኞቿ፤ ከዚያ ግማሹ አዳራሽ። ሁሉም አላጨበጨበም። ወርቁ ወጣ። ሆኖም መርከቡ ታይቶ የመጀመሪያው ድብድብ ሲጀመር ተመልሶ ገባና በሩ ሥር ተቀመጠ።

ነገሳ አርጅቷል እንጂ አልረሳም። የአለቃውን ድምፅ አጎረነነ፤ «አይ እናቱ!» ሲል ትልልቆቹ በሳቅ ፈነዱ። አራተኛው ወለል ላይ መስታወቱ መጣ። ነገሳ አንገቱን ቀና አድርጎ ያንን ፊት አየው። ስንት መቶ ጊዜ አይቶታል፤ የዚያን ቀን ግን ከካሜራው ጀርባ የቆመችውን ሰው አየ። ማይኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ፤ ማንም ተርጉም አላለውም።

ሲያልቅ ወርቁ ወደ እሱ መጥቶ ማጉያውን አብሮት ጠቀለለ። «አሁንም አልገባኝም» አለ። «ፊልሙ ግን… እውነቱን ነው፣ እንዲህ አድርጎ የሠራ የለም።» ለወርቁ ይህ ብዙ ነው።

ታክሲ ተራው ላይ ለጥቂት ሳምንት አንዳንድ ሾፌሮች አሽሟጠጡበት። ነገሳ ተራቸውን በትክክል እየሰጠ አሳለፋቸው። ሶያማ ደግሞ የትርጉሙን ሦስት ደቂቃ ቀድታ በየአገሩ ላሉ የኢዳ ማርሎ አድናቂዎች ላከች። አማርኛ የማያውቁ ሰዎች ከማያውቃቸው ከተሞች ጻፉለት። አንዷ፣ «ምን እንደሚል ባላውቅም እንደሚወዳት ይገባኛል» ብላለች። ሶያማ ስታነብለት ነገሳ አፍሮ ወደ መኪኖቹ ዞረ።

ሚያዝያ ላይ የሱሉልታ ሯጮች ፊልሙን በካምፓቸው ማየት ፈለጉ። ነገሳ ኤቢሴን፣ «ነይ አብረን እንሂድ» አላት። ሚስቱ ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖር አንድም ፊልም ሲተረጉም አይታው አታውቅም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ከፊት ተቀመጠች። ሯጮቹ አክተሩ መሰላል ላይ ሲያለከልክ እርስ በርሳቸው እየተያዩ፣ «ትንፋሹ ልክ ነው» ተባባሉ። ኤቢሴ ግን ከስክሪኑ ይልቅ ባሏን ብዙ ጊዜ አየችው።

በእንጦጦ በኩል ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ባሕር ዛፉ በመስኮቱ ያልፋል።

«ያቺ ሴትዮ እናት አላት?» አለች ኤቢሴ።

«የቷ?»

«የሠራችው።»

«እንጃ። አልጠየቅሁም።»

«ካለቻት በትክክለኛው ስሟ ትጠራት ይሆን ብዬ ነው።»

ነገሳ ስልኩን አወጣ። መነጽሩን ስላልያዘ ስልኩን አርቆ ፊደሎቹን እየፈለገ፣ ጥያቄዋን ቀስ ብሎ ለሶያማ መጻፍ ጀመረ። ኤቢሴ ስልኩ እንዳይነቃነቅበት ክንዱን ያዘችለት።