ጁባ ላይ አዮዲኑ እስኪደርቅ

ከአሶሳ ልወጣ ዋዜማ፣ ምሽት ላይ እናቴ ቀሚሴን እያጣጠፈች «እዚሁ ወልደሽ ብትሄጂ ምናለበት?» አለችኝ። ባሌ ጁባ ውስጥ ግንበኛ ነው፤ ብቸኝነቱ መርሮት ጠርቶኛል። ሻንጣውን ዘጋሁት።

ጁባ ኤርፖርት ላይ መኮንኑ ሆዴን አየና በዐረብኛ «ፓስፖርቱ የአንድ ሰው ነው፤ እናንተ ግን ሁለት ናችሁ» አለኝ። ከበርታ ጎረቤቶቻችን ጋር ስላደግሁ ዐረብኛ አያቅተኝም። «ሁለተኛው ገና ፎቶ አልተነሳም» አልኩት። ሳይስቅ ማህተሙን መታ።

ሙቀቱንስ ምን ልበላችሁ! አሶሳ ማንጎ ሥር ብትቀመጡ ነፋስ አለ፤ እዚህ ጥላውም ይፋጃል። አከራያችንን ውሃ ጠፋ ስለው «ነጭ አባይ አጠገብሽ እየፈሰሰ?» ይለኛል።

ምጤ ሲመጣ ሆስፒታል ገባሁ፤ ልጁ ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ የልጁ ልብ እየደከመ ስለሆነ በኦፕራሲዮን ይውጣ አለ። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ሃዋ የምትባል ከኩርሙክ ድንበር ማዶ፣ ከሱዳን የተሰደደች ነርስ እጇን ከመሃል ወደ ዳር እያዞረች ሆዴን ቡናማ አዮዲን ቀባችኝ። ከዚያ ሁሉም እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ልጄ ሊሞት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰብር፣ እህቴ፣ ታገሺ» አለች ሃዋ። «እስኪደርቅ ነው።»

«በጨርቅ ጥረጉትና ጀምሩ!»

ሐኪሙ ጎንበስ አለልኝ። «ከጠረግነው ከንቱ ነው። አዮዲኑ ቆዳሽ ላይ ያለውን ጀርም የሚገድለው ሲቆይበት ነው። አሁን ብቀድሽ ጀርሙ ከቢላው ጋር ሆድሽ ይገባል።»

ታላቅ እህቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ቁስሏ አመርቅዞ ነው በአራስነቷ ያለፈችው። የልጄን ልብ ላዳምጥ ሞከርኩ፤ የሰማሁት የራሴን ነበር።

«ደርቋል» አለች ሃዋ።

ወንድ ልጅ ወጣ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ከዚያ አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ቁስሌ ሳያመረቅዝ ገጠመ። ገንፎ የሚያገነፋልኝ ዘመድ ግን የለም፤ ባሌ ሞክሮ ጓጎለበት፣ እንዲያው እንዳይከፋው በላሁለት።

ለእናቴ ደወልኩ። «ቁስልሽስ?» አለች በቅድሚያ።

«ድኗል፣ እማዬ።»

ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። «በይ ልጁን አሰሚኝ።»

«ተኝቷል።»

«ትንፋሹን፣ ልጄ። ትንፋሹን።»

ስልኩን አፍንጫው ሥር አደረግሁት። ውጭ የጎረቤት ጄኔሬተር ያጓራል፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አለች።

እውነቷን ይሁን አልጠየቅኋትም።