ገድሎ ይሆን?

በደርግ ጊዜ በቆቦ ከእኔ የሚበልጥ ዋሾ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። የዋጃ ፀሐይ ከመክረሯ የተነሳ የሰው ጥላ ባለቤቱን ትቶ ግራር ሥር ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ስምል፣ አንድ የአፋር ግመል ነጋዴ አምኖኝ ያውቃል። ወይም ያመነ መስሎ ሻይ ጋበዘኝ።

አብሮ አደጌ ዘምቶ የሞተ ጊዜ፣ እናቱ ነገሩን አጣርቶ እንዲመጣ የመረጡት እንግዲህ ይህን ሰው ነው።

መርዶው ከተነገረ ሳምንት ሆኖታል። ሬሳ የለም። ጋቢውንና ዱላውን መደብ ላይ ዘርግተው ሰው በዚያ ላይ ያለቅሳል። ትልቁ ለቅሶ ለእሑድ ተቀጥሯል፤ የሩቅ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። የእናቲቱ ታላቅ እህትም ከአላማጣ ወዲያ ካለው ገጠር ይመጣሉ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የእሳቸው ልጅ ጫካ ገብቷል፤ ከወንበዴው ጋር ነው። ወንበዴ የምንለው ደጅ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ በስሙ ነበር የምንጠራው።

እናትየው ከለቀስተኛው ነጥለው ጓዳ አስገቡኝ።

«አንተ ቀጣፊ» አሉኝ። «አብሮት የነበረ ልጅ እግሩን ተቆርጦ ዋጃ ተመልሷል አሉ። ሂድና ጠይቅልኝ።»

«ምን ብዬ እማማ?»

«ልጄ ሰው ገድሎ እንደሆነ። እህቴን በምን ዓይኔ እንደማያት ልወቅ።»

«ይኸ ሁሉ ሰው እያለ እኔን?»

«ሌላው እኔን ለማጽናናት ሲዋሽ አልለየውም። አንተ ስትዋሽ ግን ግራ ቅንድብህ ትነሳለች።»

ደጅ ላይ ደግሞ አልቃሿ ያዘችኝ። የእሷ ፍላጎት ሌላ ነው። «ስንት ጣለ? ለወንድ ልጅ ሌላ ምን ተብሎ ይለቀሳል? ባዶ እጅህን እንዳትመጣብኝ! ብታጣም ያው አንተ አታጣም።»

በጭነት መኪና፣ ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልህ አለኝ። መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ ተጣጥፌ የተቀመጥኩበት እግር ይመስል ውስጤ ደንዝዟል፤ ብቆነጥጠውም አይሰማኝ። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ አብሮ አደጌን ሳጀግነው ሄድኩ። ከቆቦ ስንወጣ የጣለው ሦስት ሰው ነበር። ዋጃ ስንገባ ብቻውን አንድ ሻለቃ ጦር ፈትቶ፣ መትረየሱን በአህያ ጭኖ እየተመለሰ ነበር።

ቁስለኛውን ሻይ ቤት በር ላይ አገኘሁት። ባዶውን የሱሪ እግር ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል።

«ስለሱ ምን ልንገርህ ወንድሜ» አለ። «ዝምተኛ ነበር። ሽንኩርት አይበላም።»

ይህንንማ አውቃለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከወጥ ውስጥ እየለቀመ የሚያወጣ ሰው ነበር።

«ሰው ገድሏል?»

«ወላሂ፣ ይኸ ምን ጥያቄ ነው? ጠዋት ነው፣ ጭጋግ ነው። ከፊትህ ያለው ቁጥቋጦ ይሁን ሰው አትለየውም። ተኩሱ ተባልን፣ ተኮስን። እሱም ከጎኔ ሆኖ ይተኩስ ነበር። ጭጋጉ ሲገለጥ እሱ ወድቋል፤ ከወዲያም የወደቁ አሉ። የማን ጥይት ማንን እንዳገኘ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ወይ ገድሏል በለኝ፣ ወይ አልገደለም በለኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእናቱ።»

የሻዩን ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ። «እንግዲያ የነገርኩህን ንገራቸው።»

ስመለስ «አልገደለም» ማለትን ተለማመድኩ። በዕድሜዬ ከዋሸሁት ሁሉ ትንሿ ውሸት ነበረች፤ አንዲት ቃል። እናትየው ፊቴን ሲያዩ ግን እሷም ጠፋችብኝ።

«ተኩሷል እማማ። ማንን እንዳገኘ ያየ የለም።»

ቅንድቤን አዩ፤ ቆዩበት። «እውነት ነው» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቀስተኛው ወጡ። አልቃሿ ምን ይዘህ መጣህ ስትለኝ «ጭጋግ» አልኳት። እስከ ሰባት ትውልዴ ሰደበችኝ።

እሑድ ታላቅ እህትየው ወገኖቻቸውን አስከትለው፣ እየጮኹ ግቢ ገቡ። ሊያቅፉ እጃቸውን ሲዘረጉ እናትየው ወደ ኋላ አሉ።

«ሳትነኪኝ ስሚኝ፣ እህቴ። ልጄ ተኩሷል። ማንን እንዳገኘ አላውቅም።»

ከጫካው ልጅ ወሬ ከተሰማ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ታላቅየዋ እጃቸው እንደተዘረጋ ቆሙ።

«የኔም ይተኩሳል» አሉ።

ከዚያ መደቡ ላይ፣ ከጋቢው ወዲያ ማዶ ተቀመጡ። እናትየውም ከወዲህ ተቀመጡ። አልቃሿ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«እህል ቀምሰሻል?» አሉ ታላቅየዋ።

«አልቀመስኩም።»

«እኔም።»