የደስታነሽ ግንቦት ሃያ

ግንቦት ሃያ ሲመጣ ደስታነሽን ቤት አይችላትም። የነገሌ አደባባይ በባንዲራ አሸብርቆ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያ ትወርዳለች። ከሞያሌ ከሚገባው መኪና የሚወርደውን መንገደኛ ፊት ፊቱን ታያለች።

በሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት በወደቀ ዕለት፣ ባሏ አስር አለቃ ጉግሳ ከጦር ሰፈሩ ከጓዶቹ ጋር ካሚዮን ተሳፍሮ ወደ ኬንያ ድንበር ሄደ። እሷ እርጉዝ ነበረችና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሞቷል ያላት ብዙ ነው፤ እሷ ግን ጥቁር አልለበሰች፣ ተዝካር አላወጣች።

ወተት የምትሸጠው ቦረናዋ ጎረቤቷ ጉያቱ ትቀልድባታለች። “እኛ ዘንድ ቀን ሁሉ አያና፣ የራሱ መንፈስ አለው፤ ያንቺ ቀን ግን እግር ነው ያለው።”

በሁለት ሺህ ሦስት ልጇ እድላዊት ሠርጌ ግንቦት ሃያ ይሁን አለች። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ነው፣ በዓል ነው፣ ሰው ሥራ አይገባም ብለው ወደዱት። ደስታነሽ ግን በማግስቱ ይሁን፣ እሑድ ነው፣ ማርያምም ናት፣ እባካችሁ ብላ ለመነች።

“እማዬ፣” አለች እድላዊት ለብቻዋ ይዛት፣ “በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አይቼሽ አላውቅም። አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ ሁኚ።”

ቀኑ ግንቦት ሃያ ሆነ።

የሠርጉ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጣች። ወጡን ቀመሰች፣ መልሳ ቀመሰች፣ የደረደረችውን ወንበር እንደገና ደረደረች። የሞያሌው መኪና በሚገባበት ሰዓት ከድንኳኑ ሹልክ ብላ ባጃጅ አስቆመች። ጉያቱ ከኋላ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት፤ ባለባጃጁን በኦሮምኛ ሂድ አለችው። ሙሽራው ደርሷል፣ ልጅሽ ምርቃት እየጠበቀች ነው ብላ ወደ ድንኳኑ መለሰቻት።

እድላዊት ጉልበቷን ልትስም ተንበረከከች። ምርቃቱን የሚመራው የጉግሳ የጥንት ጓደኛ ፍስሐ ነበር። በሕይወት ያለ አባት አብሮ መራቂ ተብሎ ይጠራል፤ የሞተ ደግሞ ነፍሱን ይማር ይባልለታል። ፍስሐ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

“የአባቷን ምን ልበል?”

ደስታነሽ ወደ ድንኳኑ በር አየች። ለመነሳት ወንበሩን ጨበጠች፤ ልጇ ግን ጉልበቷ ላይ ነበረች።

“ነፍሱን ይማር በል።”

ቃሏን የሰማች አንዲት ሴት ከኋላ ማልቀስ ስትጀምር ጉያቱ ዝም አሰኘቻት። እድላዊት ቀና አላለችም። ደስታነሽ የልጇን ራስ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፍስሐን ሳትጠብቅ፣ በጥድፊያ መመረቅ ጀመረች።